ድብርቱ ያገረሸብኝ በአመሌ ምክንያት ነው? ስለ አጭር ጊዜ የሥነ ልቦና ሕክምናና ስለ ታካሚው ስብዕና

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው፤ በሒሳብ ሥራ እተዳደራለሁ። አምና ድብርት ይዞኝ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ 12 ጊዜ ተመላልሼ ነበር። እውነቱን ለመናገር በጣም ተሻለኝ። እንቅልፌ ተመለሰ፣ ሥራዬም ተስተካከለ። ሕክምናው ካለቀ ሰባት ወር ሳይሞላ ግን አገረሸብኝ። የታዘዝኩትን ሁሉ አንድም ሳላጓድል ሠርቻለሁ። ባለሙያዋ ወደ መጨረሻው አካባቢ ‹ራስሽ ላይ በጣም ትጨክኛለሽ፤ ሁሉ ነገር እንከን የለሽ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ› ብላኝ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ‹ይህ አመልሽ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ አመል በቀጠሮ አይድንም› ይለኛል። የአጭር ጊዜ ሕክምና እንደ እኔ ላለ ሰው አይሠራም ማለት ነው? ተመልሼ ልሂድ ወይስ ገንዘቤን ልያዝ? መመለሱንም አፍራለሁ።»

መልስ፦ መልእክትዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በየጊዜው ዓይኔ የሚያርፈው «የታዘዝኩትን ሁሉ አንድም ሳላጓድል ሠርቻለሁ» የሚለው ላይ ነው። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው፤ እመለስበታለሁ።

በአጭሩ፦ አዎ፣ የአጭር ጊዜ ሕክምና ያስገኘው መሻሻል ይዘልቅ ወይም አይዘልቅ እንደሆነ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የታካሚው ስብዕና ነው። የወንድምዎ ድምዳሜ ግን ከዚህ አይወጣም። ስብዕና ሥራውን የሚሠራው በተወሰኑ በሮች ገብቶ ነው። አንዱ በር ታካሚው ከባለሙያው ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ሌላው ከሕክምናው ክፍል ውጭ ከሰው ጋር ያለው ኑሮ ነው። ሦስተኛው ሕክምናው የተመደበለት ጊዜና አጨራረሱ ነው። ሦስቱም በሮች እጅ የሚደርስባቸው፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «አመል» የሚለው ቃል በአማርኛችን ነቀፋ አያጣውም። «አመል ያወጣል ከመሐል» ስንል ሰውየው ራሱን ከሰው ያጣላ፣ ጥፋቱም የእርሱ የሆነ አድርገን ነው። እኛ ባለሙያዎች «ስብዕና» የምንለው ግን አንድ ሰው ለረጅም ዓመታት ይዞት የኖረውን የማሰብ፣ የመሰማትና ከሰው ጋር የመኖር መንገድ ነው። ጥፋት አይደለም። የእርስዎ ጥንቃቄ ምናልባት በልጅነትዎ አንደኛ እንዲወጡ ረድቶዎታል፤ ዛሬም አሠሪዎ ሒሳቡን አምኖ የሚሰጥዎ በእርሱ ምክንያት ነው። ይኸው ጥንቃቄ ወደ ሕክምና ክፍል ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ነው ማየት ያለብን።

ይህን በቅርብ ያሳየ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም አስተባባሪነት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተካሄደ ነው። በፒትስበርግ፣ በዋሽንግተንና በኦክላሆማ ድብርት የያዛቸው 250 ሰዎች በዕጣ ለአራት ተከፈሉ፤ ከእነርሱ 239ኙ ሕክምናውን ጀመሩ። አንደኛው ቡድን ሲቢቲ በሚል አጠራር የሚታወቀውን፣ አስተሳሰብና ድርጊት ላይ የሚያተኩረውን ሕክምና አገኘ። ሁለተኛው ከሰዎች ጋር ባለ ግንኙነት ላይ የሚያተኩር ሕክምና ተሰጠው። ሦስተኛው ኢሚፕራሚን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ከሐኪም ክትትል ጋር ወሰደ። አራተኛው ከተመሳሳይ ክትትል ጋር መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ተሰጠው። ሕክምናው 16 ሳምንት የሚወስድ ነበር፤ ከእርስዎ ብዙም አይርቅም።

ጥናቱ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ለ18 ወራት ታካሚዎቹን ተከታትሏል። አገግመው በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳያገረሽባቸው የቆዩት በሲቢቲው ቡድን 30 በመቶ፣ በግንኙነት ሕክምናው 26 በመቶ፣ በመድኃኒቱ 19 በመቶ፣ በባዶው እንክብል 20 በመቶ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች የምጽፍልዎ ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም። ያገረሸብዎ እርስዎ ብቻ እንዳልሆኑ እንዲያውቁ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ጥንቃቄ ከተደረገባቸው ጥናቶች በአንዱ፣ በደንብ በሠለጠኑ ባለሙያዎች እጅ፣ 16 ሳምንት ለአብዛኛው ሰው ዘላቂ ማገገም ለማምጣት አልበቃም። ለእርስዎ 12 ቀጠሮ አልበቃም ማለት እርስዎ አልበቁም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ስብዕናው እንምጣ። በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሲድኒ ብላት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህንኑ መረጃ ከዓመታት በኋላ እንደገና መረመረው። ታካሚዎቹ ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት መጠይቅ ሞልተው ነበር። «በሥራዬ ከወደቅኩ እንደ ሰውም ወድቄአለሁ» በሚል መንፈስ የተጻፉ ሐሳቦች ቀርበውላቸው ምን ያህል እንደሚስማሙ ይመልሳሉ። ብላት ከዚያ መጠይቅ እንከን የለሽ ለመሆን የመጣጣርን መጠን ለየ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር፦ ይህ መጣጣር የበረታባቸው ሰዎች በሕክምናው ማብቂያ ላይ መሻሻላቸው አነስተኛ ነበር። ይህ የታየው በአንዱ የሕክምና ዓይነት ብቻ አይደለም፤ በአራቱም ቡድኖች፣ መድኃኒት በሚወስዱትም ጭምር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ታካሚዎቹ በየአራት ሳምንቱ ይመዘኑ ስለነበር፣ ችግሩ መቼ እንደሚጀምር ማየት ተቻለ። በሕክምናው የመጀመሪያ አጋማሽ ራሳቸው ላይ የሚጨክኑትም የማይጨክኑትም አብረው ይሻሻላሉ። ልዩነቱ የሚፈጠረው በሁለተኛው አጋማሽ፣ በዘጠነኛውና በ12ኛው ቀጠሮ መካከል ነው። መጣጣሩ ዝቅተኛ የሆነላቸው ታካሚዎች መሻሻላቸውን ይቀጥላሉ፤ የሌሎቹ ይቆማል። የእነብላት ማብራሪያ ይህ ነው፦ ማለቂያው ሲቃረብ እንዲህ ያለው ታካሚ «ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ እኔ ግን ገና አልዳንኩም» ይላል። ሕክምናው ራሱ ፈተና ይሆንበታል፤ የፈተናውም ሰዓት ሊደወል ነው። በፈተና አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ማንም ድካሙን አውጥቶ አያሳይም።

የእርስዎ ባለሙያ ስለዚህ ነገር ያነሱልዎ «ወደ መጨረሻው አካባቢ» ነው ብለዋል። የታያቸው ነገር ትክክል ነው። ግን የተነሳው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፤ ሊሠሩበት ጊዜ አልነበረም።

ይህን ከወረቀት ይልቅ ያስተማረኝ አንድ ታካሚዬ ነው። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። በሥራው የተመሰገነ፣ ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ነበር። በየሳምንቱ የሚያስጨንቁትን ሐሳቦች በደብተር እንዲመዘግብ ጠይቄው ነበር። ደብተሩ የሚያስደንቅ ነበር፦ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ርእሱ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ የሌለበት። በስምንተኛው ቀጠሮ ላይ ገጹን እያገላበጥኩ ሳለ ከመሐሉ አንዲት የተጣጠፈች ቁራጭ ወረቀት ወደቀች። ለማንሳት ተሽቀዳደመኝ። ምንድን ናት ብዬ ስጠይቀው፣ መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ማታ ላይ በደንብ እንደሚገለብጠው፣ ወረቀቱንም እንደሚጥለው ነገረኝ። እንዳየው ፈቀደልኝ። «ዛሬ ልጄ ላይ ጮህኩባት። ፈራችኝ። አባት መባል አይገባኝም» ይላል፤ ሁለት ቦታ ተሰርዟል፣ አንድ ቦታ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶታል። በደብተሩ ላይ የዚያው ቀን ማስታወሻ እንዲህ ይነበብ ነበር፦ «ከልጄ ጋር መጠነኛ አለመግባባት ነበር።»

ስምንት ሳምንት ሙሉ ስንሠራበት የቆየነው በግልባጩ ላይ ነበር። ዋናው በየማታው ቅርጫት ውስጥ ይጣል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ይብሳል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ከዘጠነኛው ቀጠሮ ጀምሮ ይህ ሰው ቀደም ብሎ እየደረሰ፣ ልብሱን አሳምሮ እየለበሰ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ጀመረ። እኔም እውነት መሰለኝ። በ12ኛው ተመሰጋግነን ተለያየን። ከወራት በኋላ ባለቤቱ ደውላ ከአልጋ መነሣት እንዳቃተው ስትነግረኝ ነው የገባኝ፦ በእነዚያ የመጨረሻ ሳምንታት ለእኔ ሲል ነበር የተሻለው። ልፋቴ ከንቱ እንዳይሆንብኝ፣ እንዳላዝንበት። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር ራስ ላይ ከመጨከን ጋር ሲጋጠም እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል። ሰውየው እየታመመ ሐኪሙን ያስታምማል።

የእነብላት ቡድን አባል የሆነው የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ዙሮፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ትንተና ከዚህ ጋር ይገጥማል። በታካሚና በባለሙያ መካከል ያለው መተባበር በሕክምናው ሂደት ብዙ ጊዜ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ራሳቸው ላይ በሚጨክኑት ዘንድ ግን በሁለተኛው አጋማሽ እንደሚገባው አያድግም፤ የውጤታቸው ማነስም በከፊል በዚህ ይብራራል። «የታዘዝኩትን ሁሉ ሠርቻለሁ» ያሉኝ ላይ የቆምኩት ለዚህ ነው። የቤት ሥራን አለማጓደል አንድ ነገር ነው። «ይህ የሰጡኝ የቤት ሥራ አልጠቀመኝም»፣ «ባለፈው ሳምንት የተናገሩት አስከፋኝ» ብሎ መናገር ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን አንድ ጊዜ እንኳ ብለውት ያውቃሉ? እንደማላውቅዎ አውቃለሁ፤ ግን መልስዎ «የለም» ቢሆን አይገርመኝም።

ሁለተኛው በር ከሕክምናው ክፍል ውጭ ነው። ከዚሁ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሌላ ትንተና ይህ ዓይነት ስብዕና ታካሚው በሕክምናው ወቅት ከወዳጅ ከዘመድ ጋር ያለውን ግንኙነትም እንደሚያቀጥነው፣ ይህም ለብቻው መሻሻሉን እንደሚቀንሰው አሳይቷል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ቤቱ ካልተወለወለ፣ ሲኒው ካልተሟላ፣ ፈንዲሻው ካልቀረበ ጎረቤት ለቡና የማትጠራ ሴት ስንቶቻችን እናውቃለን። ድብርት ሲይዛት ቤቱን መወልወል ያቅታታል፤ ስለዚህ ቡናው ይቀራል፤ ቡናው ሲቀር ጎረቤት ይቀራል። ሰው በጣም በሚያስፈልጋት ጊዜ ሰው የሚያሳጣት የራሷ መለኪያ ነው። ሕክምናው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ የቀረውን ሰዓት የምትኖረው በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ነው።

«ዘላቂ ውጤት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነም ላንሳ፤ በጥያቄዎ ውስጥ እንቅልፍና ሥራ ብቻ ናቸው የተጠቀሱት። ያ የአሜሪካ ጥናት በክትትሉ ወራት ታካሚዎቹን የጠየቀው ምልክቱ እንዳለና እንደሌለ ብቻ አልነበረም። ሕክምናው ከሰው ጋር በመኖር ረገድና የድብርትን ምልክት ቀድሞ በማወቅና በመቋቋም ረገድ ምን ያህል አቅም እንደጨመረላቸውም ጠይቋል። ይህን አቅም ያገኙት ሰዎች በኋላ የኑሮ ውጣ ውረድ ሲገጥማቸው በቀላሉ አይወድቁም ነበር። አቅሙ የተገኘው ደግሞ ከባለሙያው ጋር ገና በጅማሬው ጥሩ ግንኙነት ከመሠረቱት ዘንድ ይበልጥ ነው። እንቅልፍ መመለሱ ጥሩ ነው፤ ግን አለቃዎ ሲቆጣዎ፣ ወይም የዓመቱ መዝጊያ ሒሳብ ሲዛባ፣ ራስዎን የሚያናግሩበት ቃል ካልተለወጠ እንቅልፉ ተውሶ የተገኘ ነው።

ታዲያ አጭሩ ሕክምና ለማን ይበቃል? እዚህ ላይ በፊንላንድ ሄልሲንኪ የተካሄደውን ጥናት ማንሳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2000 ድብርት ወይም ጭንቀት የያዛቸው፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 45 የሆነ 326 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተመደቡ። አንዱ ቡድን መፍትሔ ላይ ያተኮረ፣ ከ12 ቀጠሮ የማይበልጥ ሕክምና አገኘ። ሁለተኛው በውስጣዊ ግጭቶች ላይ የሚያተኩር፣ 20 ቀጠሮ ያለው ሕክምና አገኘ። ሦስተኛው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሦስት ዓመት ያህል ታከመ። በመጀመሪያው ዓመት አጫጭሮቹ ፈጥነው ለውጥ አመጡ። በሦስተኛው ዓመት ረጅሙ ቀደመ። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ከዚህ በታች ያለው ነው፦ ባለሙያዎቹ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ታካሚዎቹን በሰባት ነገሮች መዝነዋቸው ነበር። ስሜታቸውን መግራት ይችላሉ ወይ፣ በውይይት ላይ ይለመጣሉ ወይ፣ ራሳቸውን መመርመር ይችላሉ ወይ፣ ለመለወጥ ምን ያህል ይፈልጋሉ፣ ችግራቸው አንድ ግልጽ እምብርት አለው ወይ የመሳሰሉት ናቸው። ከሰባቱ አንዱ፣ ሰው ራሱን የሚያይበት ዓይን መሆን ከሚመኘው ጋር ሲነጻጸር ያለው ርቀት ነበር። ብላት በአሜሪካ ያገኘውን ነገር ፊንላንዶቹ በሌላ ስም መዝግበውታል ማለት ይቻላል። በነዚህ መመዘኛዎች ጥሩ የነበሩት ሰዎች አጭሩ ሕክምና በቃቸው። ዝቅ ያሉት ግን ዘላቂ ለውጥ ያገኙት በአመዛኙ ከረጅሙ ነው።

ይህ ጥናት የጠና የስብዕና መታወክ ያለባቸውን ሰዎች አላካተተም። ስለዚህ ንግግራችን ስለ ተራ ሰው ስብዕና ነው፣ ስለ እርስዎና ስለ እኔ።

አጭር ሕክምናን የጀመሩት ሊቃውንት በአንድ ወቅት ታካሚ ይመርጡ ነበር። በቦስተን የነበረው ፒተር ሲፍኔዎስ ለምሳሌ ሕክምናውን የሚሰጠው ችግራቸው በውል ለተለየ፣ ለመለወጥ ለተነሣሱና በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ የጠለቀ ወዳጅነት ለነበራቸው ሰዎች ነው። ለረጅም ጊዜ «ግንኙነት የሚከብደው ሰው በሕክምናው ክፍል ውስጥ ስላለው ግንኙነት ሲወራ አይችለውም» ተብሎ ይታመን ነበር። በኦስሎ ፔር ሆግለንድ የመራው ጥናት ይህን እምነት አናጋው። 100 ታካሚዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ዓመት ታከሙ። ለግማሾቹ ባለሙያው በእርሱና በታካሚው መካከል የሚሆነውን ነገር እያነሳ ያወያያቸዋል፤ ለግማሾቹ አያነሳም። ይህ ውይይት ይበልጥ የጠቀመው፣ ከሰው ጋር መቀራረብ ለዘመናት ሲከብዳቸው የኖሩትን ነበር፤ ሕክምናው ካበቃ ከዓመታት በኋላም ጥቅሙ ታይቷል። እኔ ከዚህ የምወስደው ቀጥተኛ ነገር ነው። ግንኙነት የሚከብደው ሰው ሊነፈግ የማይገባው ራሱ ስለ ግንኙነቱ መነጋገርን ነው። ለእርስዎም ቢሆን፣ ከባለሙያዋ ጋር በግልጽ የሚነጋገሩበት ቀጠሮ ከአምስት የቤት ሥራ ይበልጣል።

አሁን የወንድምዎን ንግግር ልመልስ። «አመል በቀጠሮ አይድንም» ያሉት እውነት ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ሥራ በተውኩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ብሬንት ሮበርትስና ባልደረቦቹ 207 ጥናቶችን ሰብስበው ሕክምና ስብዕናን ይለውጥ እንደሆነ መረመሩ። ሕክምናው በአማካይ 24 ሳምንት የወሰደ ሲሆን፣ ስብዕና በመጠኑ ይለወጣል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚለወጠውም የስሜት መረጋጋት ነው። በቀላሉ የሚጨነቅ፣ የሚከፋ ሰው ቀስ በቀስ ይረጋጋል። የፀባይ ሥር አይነቀልም፣ ማንም ሌላ ሰው ሆኖ አይወጣም፤ ግን ቅርንጫፉ ይገራል። ወንድምዎ ይህን የሚሉት እርስዎን ለመጉዳት አይመስለኝም። ሰው የሚወደው ሰው ሲታመምበት በሽታ ከማለት አመል ማለት ይቀለዋል፤ አመል ከሆነ በምክር ይመለሳል ብሎ ተስፋ ያደርጋላ። ከእርሳቸው ምክር መጠየቅ ትተው ሌላ ነገር ይጠይቁዋቸው፦ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ እንደተዝረከረከ መጥተው አብረዎት ቡና እንዲጠጡ።

ተመልሼ ልሂድ ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ይሂዱ። አካሄዱ ግን ካለፈው ይለይ።

ከሁሉ አስቀድመው አንድ ሐኪም ይዩ። ድብርት ሲያገረሽ የታይሮይድ ዕጢ መዛባትና የደም ማነስ ከኋላው ሊኖሩ ስለሚችሉ በቀላል የደም ምርመራ መለየት ይገባል፤ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነም ያኔ ይታያል። ሕይወትን የመጥላት፣ የሞት ሐሳብ ከመጣብዎ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ለቅርብ ሰው ይንገሩና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ይህን በኃይል የምለው ራሱ ላይ የሚጨክን ሰው ጭንቁን ደብቆ ፊቱን አሳምሮ የመቅረብ ችሎታው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። ሆድ ይፍጀው ብለው አይቀመጡ።

ከባለሙያዋ ጋር ሲገናኙ ስለ አጨራረሱ በመጀመሪያው ቀን ይነጋገሩ። 12 ቀጠሮ ብቻ የመክፈል አቅም ቢኖርዎ እንኳ ሁሉንም በየሳምንቱ አይጨርሱት። የእኔ ምክር ስምንቱን በየሳምንቱ፣ ሁለቱን በየሁለት ሳምንቱ፣ የቀሩትን ሁለት በየወሩ ማድረግ ነው፤ ቢቻልዎ ደግሞ ወርኃዊውን ማራዘም። ቀጠሮን የማራራቁ ነገር በጥናትም የተደገፈ ነው። በዳላስ ሮቢን ጃረትና ባልደረቦቿ በአስተሳሰብ ሕክምና የተሻላቸውን ታካሚዎች ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን በስምንት ወር ውስጥ 10 ተጨማሪ ቀጠሮ አገኘ፤ መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ። ሌላው አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ውጤት በስምንቱ ወራት ያገረሸባቸው ተጨማሪ ቀጠሮ ካገኙት 10 በመቶ፣ ካላገኙት 31 በመቶ ነበሩ። ለእርስዎ ዓይነት ሰው ይህ አካሄድ ሌላም ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ፦ ማለቂያው የፈተና ደወል መሆኑ ይቀራል። ወር ሙሉ ቆይተው፣ ምናልባትም ወድቀው ተነሥተው፣ እንደገና ያንኑ ወንበር ያገኙታል። የነፍስ አባት ያላቸው ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ያ ግንኙነት 12ኛ ቀጠሮ የለውም፣ ሰው ሲወድቅ ተመልሶ መሄዱም የግንኙነቱ አንድ ክፍል ነው።

ሌላው፣ ስድስተኛው ቀጠሮ ላይ ቆም ብላችሁ ሕክምናው ራሱ እንዴት እየሄደ እንዳለ እንድትነጋገሩ ይጠይቁ። ምን አልተመቸኝም፣ ምን ደበቅኩ፣ ማለቂያው ሲታሰበኝ ምን ይሰማኛል። ከዘጠነኛው ቀጠሮ በፊት መሆኑ ከላይ በነገርኩዎ ምክንያት ነው። የቤት ሥራም ሲሰጥዎ አንዱን ሆን ብለው ሳይጨርሱ ይዘው ይሂዱ፤ በዚያ ቀን የሚሰማዎትን ኀፍረት ለባለሙያዋ ይንገሩ። ከየትኛውም በንጽሕና ከተሞላ ቅጽ ይልቅ ያ ኀፍረት ብዙ ይናገራል።

ስለ ኀፍረት ካነሳን፣ መመለሱን አፍራለሁ ያሉት አሳዝኖኛል። ባለሙያዋ ሲያዩዎ ምን እንደሚሰማቸው በእርግጠኝነት መናገር ባልችልም፣ እኔ ያ ታካሚዬ ከባለቤቱ ጋር ሲመለስ የተሰማኝን አውቃለሁ። ደስ አለኝ። ደብተር አልያዘም፣ ፂሙን አልተላጨም። ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «ባለፈው ጊዜ ደህና ነኝ ያልኩዎ እውነት አልነበረም» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሠራን፤ ከዓመት በላይ ወሰደብን። እርስዎም በሩን አልፈው ሲቀመጡ የሚሉት ቢጠፋዎ በዚሁ ይጀምሩ፦ «አገረሸብኝ፤ ልነግርዎትም አፍሬ ነበር።» ቀጠሮውን ለመያዝ ሲደውሉም «ከዚህ በፊት ታክሜ ነበር» ይበሉ፤ መዝገብዎ ስለሚኖር ከመጀመሪያው አይጀምሩም።